የእንግዳ ውሃ

ከቢሮ የወሰዱኝ በስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ስለጠየቅሁ ነው። ረጅም ጥያቄ እንኳ አልነበረም። አባቴ በወታደርነት መጥቶ ጅጅጋ የቀረ፣ እዚያው ተወልጄ ያደግሁ የቢሮ ጸሐፊ ነኝ፤ የት ዝም እንደሚባል አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር።

ወደ እስር ቤቱ ክፍል ሲገፈትሩኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሙቀቱ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሲሚንቶ ወለል፣ ጥግ ላይ የሽንት ባልዲ። ጫማዬን በር ላይ ወስደውብኛል። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። በልቤ «አበቃልሽ» እያልኩ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ዕድሜያቸው ጠና ያለ፣ ግራጫ ቀሚስ የለበሱ ሴት የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው መጡና እግሬ ሥር ተንበረከኩ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«እግርሽን ላጥብልሽ ነው፣ ልጄ።»

«ኧረ ተዉ! ቆሻሻ ነው እኮ።»

«ለዚያ አይደል የሚታጠበው?»

በቀን የሚሰጠን ውሃ ለአንድ ሰው አንድ ጠርሙስ ነበር፤ ለመጠጡም፣ ለፊቱም፣ ለሁሉም። እኔ የውሃ ቦቴ ጠብቄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሴትየዋ ጤነኛ አይደሉም ብዬ ደመደምኩ።

ሲስተር ነበር የምንላቸው። የካቶሊክ መነኩሲት ናቸው፤ አውበሬ የስደተኞች ጣቢያ ሰንብተው ሲመለሱ ኬላ ላይ ተያዙ። በገዳማቸው እንግዳ ሲመጣ እግሩ ይታጠባል፣ እንግዳው ክርስቶስ ነውና። «እዚህም?» አልኳቸው፣ ነገር ፍለጋ። ሳቁ።

«ሊወስዱ የሚችሉትን ሁሉ ወስደውብናል። እንግዳ መቀበልን ግን ማን ይወስድብናል?»

ይበልጥ የገረመችኝ ሀቦ ናት። ሀቦ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ የደገሀቡር ከብት ነጋዴ ነበረች። ሲስተር ውሃቸውን ለእንግዳ ሲያፈሱ፣ እሷ ከሶላት በፊት የምትታጠብበትን የውዱእ ውሃዋን ለእሳቸው መጠጥ ትሰጥና እጇን በግድግዳው አቧራ አብሳ ትሰግድ ነበር። «ወላሂ እኔ እያለሁ በጥም አትሞቺም። አላህ አፈሩንም ይቀበላል» ትላቸዋለች። ሁለቱን ሳይ ሰውነቴን ውርር ያደርገኝ ነበር። በስለት ቀንም በንግሥም እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። የተውኩትን ጸሎት የጀመርኩት ያኔ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ከሲስተር አጠገብ፣ በራሴ ቃል።

አንዲት ጠባቂ ነበረች። የሲስተርን ጠርሙስ በእርግጫ ደፍታ የሳቀች። ሲስተር ባዶውን ጠርሙስ አንስተው በቀሚሳቸው ጠረጉት። እኔ ግን መርሳት አልቻልኩም። ለጸሎት ስቆም የሚመጣብኝ የእሷ ሳቅ ሆነ። ያገኘሁት ተስፋ በእሷ ምክንያት ከእጄ ሊወጣ መሆኑን አውቀው ነበር፣ ግን ጥላቻው ይጣፍጥ ነበር።

አንድ ጠዋት ሲስተርን ወሰዷቸው። ወዴት እንደሆነ አልተነገረንም።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተና ያቺው ጠባቂ ተገፍታ ገባች፤ ከአለቃዋ ተጣልታ ነው አሉ። ባዶ እግሯን ቆማ ቀረች። ማንም ጠጋ አላለላትም።

ሀቦ ወደ እኔ ዞረች። «ሲስተር የለችም። እንግዳ ግን መጥቷል።»

«ይቺማ እንግዳ አይደለችም!»

ሀቦ በአገጯ ወደ ግድግዳው አመለከተችኝ። የሲስተር ባዶ ጠርሙስ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። የራሴን አነሳሁና ተንበረከክሁ። ተረከዟ እንደ እኔው ተሰነጣጥቋል። ይቅር አላልኳትም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ውሃው ያንገበግበኝ ነበር። ቢሆንም አጠብኳት።

«ውሃው የማነው?» አለች ጠባቂዋ።

«የእኔ።»

«አንቺስ ምን ልትጠጪ?»

«ከእኔ ጋር ትጠጣለች» አለች ሀቦ።

በማግስቱ አንዲት ተማሪ እያለቀሰች ገባች። ጠርሙሴን ላነሳ እጄን ስዘረጋ ጠባቂዋ ቀድማኝ ተንበርክካለች፤ የራሷን ውሃ ይዛ። ሀቦ «አላህ!» አለች። በዚያ ቀን ለጸሎት ስቆም ሳቋ አልመጣብኝም።

ከተፈታሁ በኋላ አፈላልጌ ሲስተርን አገኘኋቸው፤ ደጋ ላይ ወዳለው ገዳማቸው ተመልሰዋል። ዛሬም በዓመት አንዴ እወጣለሁ። ካቶሊክ አልሆንኩም፣ እሳቸውም ሁኚ ብለውኝ አያውቁም። በር ላይ እግሬን ያጥቡኛል፣ እኔም አላፍርም። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ የጠባቂዋን ነገር ሁሉ ነገርኳቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ታዲያ ውሃው በቃ?»

«ተረፈ» አልኳቸው።