እስከ አንገቷ የሚያውቃት ሴት

አርጊሪስ ዕድሜውን በሙሉ አሳንሰር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። አቴና ውስጥ፣ ኪፕሴሊ በሚባለው ሰፈር፣ የእሱ እጅ ያልነካው አሳንሰር ጥቂት ነው። ጡረታ ከወጣም በኋላ የሰፈሩ ሰው አልተወውም። ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ አንዷ መስኮቷን ከፍታ "ጋሽ አርጊሪስ፣ የኛው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ ይንገጫገጫል!" ትለዋለች። እሱም "ጡረታ ወጥቻለሁ እመቤቴ፣ ለኩባንያው ይደውሉ" ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ይህችን ነገር ከመደጋገሙ የተነሳ አፉ ጭንቅላቱን ሳያማክር ነው የሚላት።

በጋ ከገባ ኪፕሴሊ የሚቀመጡበት ቦታ አይደለም። ሕንፃዎቹ ትከሻ ለትከሻ ተገጣጥመው ነፋስ የሚባለውን ነገር ከልክለዋል። ሙቀቱ አንዴ ቤት ከገባ እንደማያፍር እንግዳ ነው፣ ውጣ ቢሉት አይወጣም። ከአርጊሪስ በላይ ያለው ጎረቤት አየር ማቀዝቀዣ አስገብቷል፤ ቅዝቃዜው ለጎረቤቱ ሲሆን ውኃው የሚንጠባጠበው አርጊሪስ በረንዳ ላይ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ያ ጠብታ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ፎጣውን በፌስታል ይዞ፣ ትራም ተሳፍሮ፣ ወደ ቩላ ይወርዳል።

ቩላ የከተማው ጫፍ ላይ ያለች የባሕር ዳር ሰፈር ናት። ሀብታሞቹ ከላይ በየቪላቸው ናቸው፤ ከከተማ የሚመጣው ሰው ከትራም ወርዶ በጥዶቹ ሥር ያልፍና በቀጥታ ውኃው ውስጥ ይገባል። ወዴት ነህ ሲሉት "ልታጠብ" ነው የሚለው። አገሩ በሙሉ ባሕር መግባትን መታጠብ ይለዋል። ሳሙና ግን ማንም አይዝም።

እዚያ የአርጊሪስ ሰዎች አሉ። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ ኮፍያ አጥልቀው፣ እስከ አንገታቸው ውኃ ውስጥ ክብ ሠርተው ይቆማሉ። አይዋኙም። የሚዋኝ ሰው እነሱ ዘንድ ቦታ የለውም፤ የሚቸኩለው ወዴት ነው ብለው ይታዘቡታል። እነሱ የሚያወሩት ስለ ደም ግፊት፣ በሩዝ ስለሚሞላ ቲማቲም፣ ስለ ምራቶቻቸው ነው። የክቡ አዛዥ ማሪጎ ናት፤ ድሮ ፀጉር ትሠራ ነበር፣ አሁን ሰው ታስተካክላለች። ከእሷ ቀጥሎ ኤቫንቲያ አለች።

ኤቫንቲያ ልብስ ሰፊ ነበረች። አርጊሪስ ሲመጣ ሁልጊዜ ቀድማው ውኃ ውስጥ ናት፤ ለምሳ ወደ ቤቱ ሲመለስም እዚያው ትቷት ነው የሚሄደው። መነጽሩን ጫማው ውስጥ ትቶ ስለሚገባ የሚያያት በጭጋግ ነው፦ አንድ ሰፊ ነጭ ኮፍያ፣ ከሥሩ ጥቁር የጸሐይ መነጽር፣ ከዚያ ሥር ደግሞ ሳቅ። አሳንሰር ውስጥ ተቆልፎ ስላደረ ዳኛ፣ ፍየል በአሳንሰር አምስተኛ ፎቅ ስላወጣ ሰውዬ ይነግራታል። የሰማችውን ደግሞ ቢነግራትም ትስቃለች። አርጊሪስ ወዷታል። ለማንም አልተናገረም እንጂ፣ ትራሙ ላይ ሲወጣ ልቡ የሚቀለው ለባሕሩ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል።

ነገር የተበላሸው ኪፕሴሊ ውስጥ፣ መንገድ ዘግተው በሚያቆሙት የአትክልት ገበያ ላይ ነው። አርጊሪስ ሐብሐብ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል። ሻጩ ጆሮው ሥር ይጮኻል። በዚህ መሐል አንዲት ቡናማ ቀሚስ የለበሰች፣ ፀጉሯን የተሠራች ሴት አጠገቡ መጥታ "ደህና አደርክ አርጊሪስ!" አለችው። ቀና ብሎ አያት። አያውቃትም። በዚያ ሰፈር በስሙ የሚጠራው የማያውቀው ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ጡረታ ወጥቻለሁ እመቤቴ፣ ለኩባንያው ይደውሉ" አላትና ወደ ሐብሐቡ ዞረ።

በማግስቱ ቩላ ደርሶ ወደ ክቡ ሲጠጋ ወሬው ቀጥ አለ። ነጩ ኮፍያ ወደ እሱ ዞረና "ደህና ክረም፣ አርጊሪስ" አለ።

እነዚህ ሰዎች "ደህና ክረም" የሚባባሉት የማርያም በዓል ካለፈ በኋላ፣ በጋው ተሟጦ፣ እስከ ከርሞ ሲለያዩ ነው። ያኔም ቢሆን አፋቸው እየመረራቸው ነው። አሁን ገና የበጋው አጋማሽ ነው፣ ጸሐዩ አናት ይበሳል። ለአንድ ሰው ለብቻው በጋው አብቅቷል ሲባል የተሰማው የዚያን ቀን ነው። ክቡ ቀስ እያለ፣ ማንም ያንቀሳቀሰው ሳይመስል፣ ከአርጊሪስ ራቀ። እሱም ጥቂት ቆሞ ወጣ። ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም፤ ቤቱ ከዚያ ጠብታ በቀር የሚጠብቀው የለም።

ማሪጎ ውኃዋን እያንጠፈጠፈች ተከተለችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ልብ የሚባል አልፈጠረብህም?"

"ምን አደረግኩ?"

"ኤቫንቲያ ትናንት ገበያ ላይ ሰላም ብትልህ ለኩባንያው ደውይ አልካት። ምርኩዟን አይተህ ነው ፊትህን ያዞርከው!"

"የምን ምርኩዝ?"

"ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ያለ ምርኩዝ አትራመድም፤ ውኃ ውስጥ ግን እንደ ልቧ ቀጥ ብላ ትቆማለች። በወፍ ጩኸት መጥታ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ የምትወጣው ለምን ይመስልሃል? ስታነክስ እንዳናያት ነው። ትናንት አንተን ስታይ ግን አልተደበቀችም። ራሷ ጠራችህ፣ የተባረክ!"

አርጊሪስ ቡናማውን ቀሚስ አስታወሰ። ከጎኗ የተደገፈችበትንም እንጨት አሁን አስታወሰ። ራሱን ያዘ።

"ማሪጎ፣ እኔ እኮ የማውቃት እስከ አንገቷ ነው!"

ማሪጎ ልትሳደብ የከፈተችውን አፍ ዘጋች። "እሱስ እውነትህን ነው" አለች። "እኔም አንተን ሱሪ ለብሰህ ባገኝህ ቦርሳዬን አጥብቄ ነው የምይዘው።"

አርጊሪስ ልብሱን ለበሰ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ዳር ላይ ተቀመጠ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጥተው ወደ ምሳቸው ሄዱ። ማሪጎም ወደ ኋላ እያየች ሄደች። ውኃው ውስጥ የቀረው ነጩ ኮፍያ ብቻ ነው።

"ትራምህ አመለጠህ!" አለ ኮፍያው።

"ሌላ አለ።"

"ጸሐይ ይመታሃል።"

"ይምታኝ።"

"ሂድ እንጂ ሰውዬ! ልወጣ ነው!"

"ውጪ፤ ማን ያዘሽ?"

ከውኃው ግን አልወጣችም። እጇ ከውኃው ብዛት ሳይጨማደድ አልቀረም። በመጨረሻ "እንግዲያው ዙር" አለችው።

አርጊሪስ ሊዞር አንገቱን ማንቀሳቀስ ጀመረና ተወው። "አልዞርም" አለ። "ትናንት ዞረሃል ተብዬ ነው ዛሬ የተባረርኩት። ኤቫንቲያ፣ አላወቅኩሽም። ምርኩዙንም ልብ አላልኩትም። አንዲት ቀሚስ የለበሰች ሴት መጣች፣ አሳንሰሯ የተበላሸባት መሰለኝ፤ በቃ።"

ነጩ ኮፍያ ቀስ ብሎ ወደ ዳሩ ተጠጋ።

"ተበላሽቷልኮ" አለች ኤቫንቲያ።

ከዚያ መውጣት ጀመረች። መጀመሪያ ትከሻዋ፣ ቀጥሎ ወገቧ ታየ። ውኃው ጉልበቷ ላይ ሲደርስ የተሸከማትን ለቀቃት፣ ወደ ግራዋም አዘመመች። አርጊሪስ ፎጣዋ ሥር የተደበቀውን ምርኩዝ አንሥቶ ከነጫማው ገባና አቀበላት። ምርኩዙን ተደግፋ ፊቱ ቆመች። አጭር ናት። ይህን አልጠበቀም ነበር፤ ውኃ ውስጥ ሰው ሁሉ እኩል ነው። ግራ እግሯ ላይ ጠባሳው ከዳሌዋ ተነሥቶ ይወርዳል። አርጊሪስ አየው፣ እሷም ሲያየው አየችው፣ አልሸፈነችውም።

"ይኸው እንግዲህ" አለችው። ኮፍያዋን አወለቀች። "እኔ ይቺ ነኝ። እስኪ አሁን ሰላም በለኝ።"

ጸሐዩ ወደ ምዕራብ አዘንብሏል፣ የምሳ ሰዓትም ካለፈ ቆይቷል።

"ደህና አደርሽ፣ ኤቫንቲያ" አላት።