ወፍጮ ቤት ውስጥ የተቀዳው ካሴት

ነገሌ ላይ ካሴት ወጣ የሚባለው ሱቅ ሲገባ ሳይሆን ሾፌር ሲይዘው ነበር። አንድ ቅጂ ለከባድ መኪና ሾፌር በነፃ ትሰጠዋለህ። እሱ አሬሮ ላይ ሻይ ሲጠጣ፣ ሜጋ ላይ ጎማ ሲያስነፋ ያስጮኸዋል። ብዙም ሳይቆይ ሰው መጥቶ «ያ ሾፌሩ የያዘው አለህ?» ይልሃል። ካሴት እየገለበጥኩ የኖርኩት እንዲህ ነው። ስለዚህ የእህቴ ልጅ «አቡያ፣ ካሴት ልናወጣ ነው» ሲለኝ (አቡያ በእኛ አገር የእናት ወንድም ነው) ቶሎ ትዝ ያሉኝ ሾፌሮቹ ናቸው። ደነገጥኩ።

ልጁ ተደብቆ ነበራ። ለብሔራዊ ውትድርና ዕድሜው ደርሷል፤ አፈሳው ከገበያውም ከኳስ ሜዳውም ወጣት እየለቀመ ወደ ሰሜን ይጭናል። እህቴ ያላት ደግሞ እሱ ብቻ ነው። የአባታችን ወዳጅ የነበሩ አንድ ሐጂ ወፍጮ ቤታቸው ውስጥ ሠራተኛ አስመስለው ያዙልን። እንደ ወፍጮ ቤት ያለ መደበቂያ የለም። ዱቄት የለበሰ ሰው ፀጉሩም ቅንድቡም ነጭ ስለሆነ ማንም ዕድሜውን አይጠይቀውም። ወደ ሞያሌ የሚያሻግረው ሰው እስኪገኝ አፉን ዘግቶ እህል ቢያፈስ ኖሮ ምንም አልነበረም።

አፍ መዝጋት ግን አልፈጠረበትም። ከቀበሌው የኪነት ቡድን የተባረረውም ለዚሁ ነው። ከድንበር ማዶ የመጣ አንድ ካሴት ሰምቶ አብዷል። እኔም ሰምቼዋለሁ። ጊታሩ ቆርቆሮ ሲጎተት ነው የሚመስለው፤ ዘፋኙ በሬ እንደጠፋበት ሰው ይጮሃል። የቴፔ ማንበቢያ ሄድ የቆሸሸ መስሎኝ በሽቶ ጠረግኩት። ጩኸቱ ጠራ እንጂ አልቀነሰም።

«ይሄ ምኑ ዘፈን ነው?» አልኩት።

«አቡያ፣ ድምፅህ ሲያምር ሰው ድምፅህን ነው የሚሰማው፤ የምትለውን አይሰማም።»

ጓደኞቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ለኪነት ቡድኑ ሳይመልሰው የቀረ ጊታር አለው፤ በመኪና ባትሪ የሚሠራ አሮጌ ሞንታርቦ ላይ ገጥሞታል። ሌላው የናፍጣ በርሜል ይደበድባል። ሦስቱ ሲነሱ ጦር ሠፈሩ ድረስ ይሰማል። ስለዚህ ቀን ቀን፣ ወፍጮው ሲሠራ፣ እህል ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ገብተው ቀዱት። የወፍጮው ድምፅ ይሸፍናቸዋል። በጆንያ የተከበበ ክፍል ደግሞ አያስተጋባም፤ የአዲስ አበባ ስቱዲዮ ከዚህ የተሻለ ነገር ግድግዳው ላይ የለጠፈ አይመስለኝም። መቅጃውን ያዋስኳቸው እኔ ነኝ። «ይሄን ልቅዳና እሄዳለሁ» ስላለኝ ነው፤ ሌላ የሚያንቀሳቅሰው ነገር አልነበረም።

ዘፈኖቹ አጫጭር ናቸው። አንደኛው ከላይ እስከ ታች «ዲዴ! እምቢ! ዲዴ! እምቢ!» ነው፤ ኦሮምኛውም አማርኛውም ያው እምቢታ።

እሱ ሞያሌ ሳይገባ ካሴቱ ከሱቄ እንዳይወጣ ተስማምተን ነበር። በርሜል የሚደበድበው ግን ሥራው እንዲሰማለት ቸኩሎ አንድ ቅጂ ለሾፌር ሰጠ። አልፈርድበትም።

መነሃሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ነው የሰማሁት። ሾፌሩ ሲመለስ ለሻይ ቤቱ ባለቤት፣ ለሴትየዋ፣ ትቶላት ሄዷል፤ እሷም ከፈተችው። ጥግ ላይ አንድ የቀበሌ ጥበቃ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ፓስቲ ይበላል።

«ምን ጉድ ነው?» አለች ባለቤቷ። «ሰዎቹን ማን እየገረፋቸው ነው?»

ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከተሳቀበት አለፈ ብዬ። ዳቦ ልትገዛ የገባች አንዲት የወታደር ሚስት ግን ጆሮዋን ጣል አደረገች።

«ቆዩ፣ ቆዩ! ከሥር ያለውን ስሙ። ጧ! ሲል። ይሄ የሐጂ ወፍጮ ነው!»

የሐጂ ወፍጮ ቺንጋ፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ተበጥሶ በግመል ቆዳ ተሰፍቷል፤ ስፌቱ መዘውሩን ባለፈ ቁጥር ጧ! ይላል። ወፍጮው ይሸፍነናል ስንል፣ እህሏን ይዛ ተራ እየጠበቀች ያንን ድምፅ የምታዳምጥ ሴት መኖሯን አንዳችንም አላሰብንም።

«ወፍጮ ሁሉ አንድ ነው፣ እህቴ» አልኳት። «ይሄ ካሴት የመጣው ከሻሸመኔ ነው።»

«ላንተ ነው አንድ! አስፈጭተህ ታውቃለህ?»

«ሻሸመኔም ቺንጋ ይበጠሳል።»

«ይበጠስ! በግመል ቆዳ ይሰፉታል? ግመሉን ከየት አምጥተው?»

«እውነቷን ነው» አለች ባለቤቷ። «የኛው ነው እንጂ!»

«ሌላ ካሴት አድርጊ፤ አዲስ አመጣልሻለሁ» ብላት ማን ሰምቶኝ። የግመል ጥርስ አይተው የሚገዙ የአሬሮ ሽማግሌዎችን ተከራክሬ ረትቻለሁ፤ ያን ቀን ዳቦ የያዘች ሴት ረታችኝ። ሴትየዋ ክፋት የለባትም፤ የሰፈሯ ወፍጮ በቴፕ በመውጣቱ ደስ ብሏት ነው። ጥበቃው ፓስቲውን ጨረሰ፣ ጣቱን ላሰ፣ ከፈለና ወጣ። አልቸኮለም። ወደ ቀበሌው ነው ያቀናው።

እኔ በጓሮ በኩል ሮጥኩ። ልጁ ጆንያ ይዞ እህል እየገለበጠ ነው።

«ውጣ! ካሴቱን ሻይ ቤት ሰምተውታል!»

«ሻይ ቤት? ምን አሉ?»

«ያ ረቢ! ውጣ እልሃለሁ!»

«ሳቁ ወይስ አዳመጡ?»

«አዳመጡ! በአላህ፣ አዳመጡ፤ ውጣ!»

የጓሮውን በር ስንከፍት ጥበቃዎቹ በመኪና ቀድመው ደርሰው ቆመዋል። ሐጂ ሞተሩን አጥፍተው ለመኑ። «ሐጂ፣ ስለምናከብርዎት ነው እርስዎን የተውንዎት» አላቸው አንደኛው። ዱቄቱን እንኳ ሳያራግፍ ጫኑት። ጓደኞቹ ያኔውኑ ከከተማው ጠፉ።

እህቴ ሱቄ መጣችና «አሰማኝ» አለች። ከፈትኩላት። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ቴፑ ላይ ለጠፈች።

«ወፍጮውን አጥፋልኝ። ልጄን ልስማው።»

ያለውን ቁልፍ ሁሉ አዞርኩ። ወፍጮው ሲቀንስ እሱም አብሮ ይቀንሳል። «አይለያዩም» አልኳት።

ቀና አለች። «ለወታደሮቹ ስጣቸው» አለችኝ። «ወደ ሰሜን ለሚሄዱት። ሲያስጮኹት አንድ ልጅ ተነስቶ የኔ ድምፅ ነው ካለ፣ በሕይወት አለ ማለት ነው።»

እምቢ እያለ የሚጮህ ካሴት ለወታደር መስጠት ለሰጪም ለተቀባይም መዘዝ አለው። የካሴቱ ሽፋን ላይ የሠርግ ዘፈን ብዬ ጻፍኩና ከጦር ሠፈሩ ለሚላክ ወታደር ሁሉ አደልኩ። እህቴ በየቀኑ ጠዋት ሱቁ በር ላይ ትቆማለች። አትጠይቀኝም፤ ፊቴን አይታ ትመለሳለች።

ቆይቶ ከወሰዱት አንዱ ቆስሎ፣ በክራንች መጣ። ገና ሳይቀመጥ ጠየቅኩት፤ «የኔ ነው ያለ ሰው ተነሳ?»

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? አልከፈትነውም። ባትሪ ድንጋይ የለም። የተገኘችው ለሬዲዮ ነው የምትውለው።»

«ወደዚያ የሚመለስ ሌላ ሰው አለ?»

«እኔው ነኝ። ሲሻለኝ ትመለሳለህ ብለውኛል።»

ከመደርደሪያው ባትሪ ድንጋይ አውርጄ ኪሱን ሞላሁት፤ የተረፈውን ከረጢቱ ውስጥ ከተትኩለት።

«ለካሴቱ ብቻ ነው» አልኩት። «አደራ፣ ለዜና እንዳትጨርሱት።»