መሪ ላይ ያስተኛኝ ቶንሲል

«አንቺ፣ ተኝተሽ ነበር! በመስታወቱ አይቼሻለሁ፣ ዓይንሽ ተከድኖ ነበር።»

ይህን ፊት ለፊት የነገሩኝ ከኋላ የተቀመጡ ሴትዮ ናቸው። የፈተና ወረቀት ታቅፈዋል፣ አስተማሪ ይመስሉኛል። የባጃጄ የፊት ጎማ የጎርፍ ቦይ ውስጥ ገብቷል። ከሆሳዕና መነኸሪያ ወደ ገበያ እየወረድን ነበር፤ ቀጥ ባለ መንገድ፣ በጠራራ ፀሐይ። ማንም አልተጎዳም።

«አልተኛሁም፤ ድንጋይ ነው» አልኳቸው።

ዋሸሁ። ድንጋይ አልነበረም።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ፣ በመስመራችን ከሚነዱት ጥቂት ሴቶች አንዷ ሆኜ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ባጃጁ የአጎቴ የከማል ነው። እኔ ቤት ሳልደርስ ወሬው ደርሶታል። በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ቁልፉን አምጪ።»

«አጎቴ፣ አንድ ጊዜ ነው እኮ...»

«ሰው ገድለሽ ከመጣሽ በኋላ ምን ልበል? አምጪ!»

ሰጠሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሪውን መልሼ መያዝ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ቀን ቀን ለሚያንቀላፉና «ሰነፍ» ለሚባሉ ነው። እኔ ሰነፍ አልነበርኩም።

ምልክቱ የጀመረው ከዚያ በፊት ነው። ጠዋት ስነሳ አፌ እንደ ካርቶን ይደርቃል፣ ግንባሬን ይወጋኛል፣ አሥር ሰዓት ሙሉ ተኝቼም ያልተኛሁ ያህል ነኝ። ማንኮራፋቴንማ ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል። ጃጁራ ሠርግ ሄደን ጋደም ብዬ ስነሳ፣ የአክስቴ ልጆች «ወፍጮ ቤቱ ዘጋ፣ እህላችሁን ነገ አምጡ!» እያሉ ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ደግሞ የሁሉም ሰው አፍ ምክንያት አያጣም። አንዱ ስንፍና ነው ይላል፣ አንዱ ደም ማነስ፣ አንዱ የሰው ዓይን ነው ይላል።

ጤና ጣቢያ ሄጃለሁ። ያየኝ ባለሙያ በደንብ ጠየቀኝ። «የጉሮሮ ሕመም ነበረብሽ? ቶንሲል?» አለኝ።

«የጉሮሮዬን ነገር ጨርሻለሁ፤ በልጅነቴ ተቆርጦልኛል» አልኩት፣ ኮራ ብዬ።

እሱም እንዳልኩት ጻፈ፤ አፌን ማየት አላስፈለገውም። ብረት ያለው ኪኒን ሰጠኝ። ለወራት ዋጥኩ። ፊቴ ቀላ፣ እንቅልፌ ግን ያው።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ነገር ልንገራችሁ። በእኛ አካባቢ ልጅ ሳል ካበዛ ወይም መዋጥ ካቃተው እንጥሉን የሚቆርጥ ሰው ጋ ይወሰዳል። እናቴም እኔን በሁለት ዓመቴ ሞርሲቶ አጠገብ ወዳሉ አንዲት አሮጊት ወስዳ አስቆርጣኛለች። ከተቆረጠ በኋላ የጉሮሮ ጉዳይ በቤተሰቡ አለቀ፤ ሁለተኛ አይነሳም። እኔም ያደግኩት ይህን ስሰማ ነው። ጉሮሮዬ ንጹሕ ነው ብዬ ነበር የማምነው።

ቁልፉ ከተወሰደብኝ በኋላ ቤት ዋልኩ፣ ቤት መዋል ደግሞ ለእኔ እስር ነው። አንድ ዓርብ ከምሳ በኋላ ፍራሽ ላይ ጋደም እንዳልኩ ታናሽ እህቴ ነዒማ በስልኳ ቀረጸችኝ። ስነሳ አልሳቀችም።

«ሰሚራ፣ ይህን እዪው። ትንፋሽሽ ይቆማል።»

አየሁት። አንኮራፋለሁ። ከዚያ ዝምታ። ደረቴ ይንቀሳቀሳል። አየር ግን የለም። የነዒማ ድምፅ ይቆጥራል። አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ። ሃያ። ሃያ አንድ ላይ ከውኃ እንደወጣ ሰው አየር ስቤ ተገላበጥኩ። እንደገና ማንኮራፋት። እንደገና ዝምታ።

ያን ቪዲዮ ይዤ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ስፔሻሊስት ጋ ሄድኩ። እናቴ አብራኝ ገባች። ዶክተሩ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አየ፣ ካርዴን አነበበ፣ ከዚያ ምላሴን በእንጨት ተጭኖ መብራት አበራ።

«ቶንሲልሽ ወጥቷል ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሁለቱም እዚሁ አሉ። ያውም ተነካክተዋል፤ መካከላቸው ክር አያሳልፍም። የሌለው እንጥልሽ ነው።»

እናቴ አማርኛ ብትሰማም ሲጨንቃት የሚቀናት ሀዲይኛ ነው። በሀዲይኛ የጠየቀችውን ተረጎምኩለት፤ «ታዲያ ያኔ ያስቆረጥኩት ምኑን ነው?»

ዶክተሩ ዝቅ ባለ ድምፅ «ምንም ያላጠፋውን ነው፣ እናቴ» አላት።

ይህን መተርጎም አላስፈለገኝም። ሻሿን ወደ አፏ ሳበችው።

ሕመሙ ስሊፕ አፕኒያ ይባላል። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፤ መንገዱ ጠባብ ከሆነ ይዘጋል፣ ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎል ለመተንፈስ ሲል ደጋግሞ ይቀሰቅሰናል። እኛ ግን መንቃታችንን አናውቅም። አንድ ሌሊት ጣቴ ላይ ኦክስጅን የሚለካ ፐልስ ኦክሲሜትር አስረው አስተኙኝ፤ ኦክስጅኔ ሲወርድና ሲወጣ ማደሩ በወረቀት ወጣ። ዶክተሩ ሳይሸፋፍን ነገረኝ። «በአዋቂ ላይ ቶንሲል ማውጣት ለሁሉም መፍትሄ አይደለም። ክብደት የሚያስቸግረው አለ፣ መንጋጋው የሚያስቸግረው አለ። አንቺ ቀጭን ነሽ፣ መንገድሽን የዘጋው ቶንሲል ነው። ስለዚህ ተስፋው ጥሩ ነው። ሙሉ በሙሉ ይድናል ብዬ ግን አልምልም።»

ውጭ ስንወጣ እናቴ «ሁለተኛ ስለት ጉሮሮሽ አይገባም» አለች።

«እማዬ፣ ያኔ ሳትጠይቂኝ አስቆረጥሽኝ። አሁን የምወስነው እኔ ነኝ።»

አኩርፋኝ ቀድማ ሄደች። ንግግሬ ከባድ እንደነበር አውቃለሁ። ማለት ግን ነበረብኝ። ፈርሜ የገባሁት በራሴ እጅ ነው፤ በሕይወቴ ከፈረምኩት ሁሉ በዚያ ፊርማ እኮራለሁ።

የቀዶ ሕክምናው ቀን። ባዶ ሆድ። ብርድ። ነጭ መብራት። ማደንዘዣ የምትሰጠዋ ባለሙያ «በእንቅልፍሽ ትንፋሽ እንደሚቆም ተጽፏል፤ አውቀናል፣ ዓይናችን አንቺ ላይ ነው» አለችኝ። ቢስሚላህ አልኩ። ሌላ አላስታውስም።

ስነቃ ጉሮሮዬ እሳት ነው። ምራቅ መዋጥ አቃተኝ። ጆሮዬ ጭምር ይወጋል። ድምፅ የለኝም። ያን ሌሊት ኦክስጅኔን እየለኩ ሆስፒታል አሳደሩኝ።

ቤት ስገባ እናቴ ኩርፊያውን ትታ ቡላ በወተት አቅጥና አቀረበች፣ እንደ ልማዷ የሚያቃጥል። በእጄ ምልክት «ይቀዝቅዝ» አልኳት። «ቡላ ቀዝቅዞ ይበላል? ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል!» እያለች በማንኪያ አማስላ አቀዘቀዘችው። አምስት ቀን በዚያ ኖርኩ።

ስድስተኛው ቀን ይቀላል ብዬ ነበር። ባሰ። ጉሮሮዬ ላይ የነበረው ነጭ ሽፋን መነሣት ጀመረ። ሰባተኛው ቀን ጠዋት ተፋሁ። ደም ነው። ደግሜ ተፋሁ። ቀይ፣ ትኩስ ደም።

እናቴ ጮኸች። አጎቴ ባጃጁን እየወለወለ ነበር፤ ጨርቁን ጥሎ ከኋላ አስገባኝ። ስንት ጊዜ ተሳፋሪ የጫንኩበት ወንበር ላይ ሳህን ይዤ ተቀመጥኩ። መንገድ ተሳሳተብኝ። በጣቴ ወደ ቀኝ አሳየሁት።

«እንዳትናገሪ!»

አልተናገርኩም። ትከሻውን መታ መታ አድርጌ ደግሜ ወደ ቀኝ አሳየሁ። «ደም እየተፋሽም ታዢያለሽ?» እያለ ታጠፈ።

ሆስፒታሉ ወዲያው ተቀበለን። በበረዶ ውኃ አጉመጠመጡኝ፣ መድኃኒት ሰጡኝ፣ እስከ ማግስቱ አቆዩኝ። ቆመ። ቤት ሆኜ «ይተወኛል» ብዬ ብጠብቅ ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ቀስ እያለ እንደሚከፈት በር ነበር፤ መጀመሪያ ለስላሳ ፍርፍር፣ ቀጥሎ ዳቦ፣ በሦስተኛው ሳምንት እንዳሻኝ መብላትና በራሴ ድምፅ ከነዒማ ጋር መጨቃጨቅ ቻልኩ። አንድ ጠዋት እናቴ ትከሻዬን ይዛ እያናወጠች ቀሰቀሰችኝ፤ ዓይኗ ፈጧል። «ለምን ዝም አልሽ? ለምን ድምፅሽ ጠፋ?» አለችኝ። ተኝቼ ነበር፣ በቃ፣ እንደ ሰው ተኝቼ። ነገሩ ሲገባት አልሐምዱሊላህ ብላ አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ወዲህ ጎረቤት የልጁን እንጥል ለማስቆረጥ ሲያስብ ካየች በር ድረስ ሄዳ «መጀመሪያ ሐኪም ይየው» የምትለው እሷ ናት።

ከሦስት ወር በኋላ ልኬቱ ተደገመ፤ ኦክስጅኔ ሌሊቱን ሙሉ ሳይወርድ አደረ። አጎቴ ግን በእኔ ቃል አልረካም፣ ራሱ ዶክተሩ ፊት ቆሞ «መንዳት ትችላለች ብለህ ጻፍልኝ» አለው። ተጻፈለት። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ቁልፉን እጄ ላይ አኖረ። «ከእኔ ትሻያለሽ» አለኝ፤ ከእሱ አፍ ይህን ሰምቶ የሚያውቅ የለም።

ምክሬ አጭር ነው። ቀን የምታንቀላፉ ከሆነ መሪ አትያዙ፣ የእኔን ውሸት አትድገሙ። ስትተኙ ሰው ይቅረጻችሁ። ሐኪም ስለ ጉሮሮ ሲጠይቃችሁ «ተቆርጧል» ብላችሁ አትዝጉት፣ አፋችሁን ከፍታችሁ ይየው። ቀዶ ሕክምና ከገባችሁ ባያሰኛችሁም ውኃ ጠጡ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት መጨረሻ ተጠንቀቁ፣ ደም ካያችሁ ለአንድ ደቂቃ ቤት አትቀመጡ።

ዶክተሩን፣ ማደንዘዣ የሰጠችኝን ባለሙያና የሚያድሩትን ነርሶች አመሰግናለሁ። ነዒማን በቁጥሯ፣ እናቴን በቀዝቃዛው ቡላ፣ አጎቴን ቁልፉን በመውሰዱም በመመለሱም አመሰግናለሁ። ቦይ ውስጥ የከተትኳቸውን አስተማሪ አላገኘኋቸውም። እትዬ፣ ተኝቼ ነበር። ይቅርታ።

ይህን በስልኬ የምጽፈው መነኸሪያው በር ላይ ወረፋ ይዤ ነው። ሦስቱ ተሳፋሪዎች ገብተዋል፣ ተራ አስከባሪው ጣሪያውን በመዳፉ እየመታ ነው።

«ሰሚራ! ሞልቷል፣ ውጪ!»

ስልኬን ኪሴ ልክተት። ሞተሩን ላስነሣና ልውጣ።