እትዬ ቀጥታና የታመመው መኪና

ታላቅ እህቴን ሰፈሩ “እትዬ ቀጥታ” ይላት ነበር፤ ስፌቷ ዝንፍ አይልም፣ አፏም እንደዚያው። አርባ ዓመት በአንዲት የእግር መኪና እየሰፋች ልጆቿን አሳደገች። ታዲያ አንድ ቀን ከመርፌው ሥር የታችኛውን ክር የምታቅፈው ብረት ተሰነጠቀችና መኪናዋ ዝም አለች። የሰፈራችን የስፌት መኪና ጠጋኝ፣ “እማማ፣ የዚህ ዕቃ ከገበያ ጠፍቷል፤ ለብረት ሰብሳቢ ይስጡት” አላት። ስምንት ወር ሙሉ በሩን እያየች ተቀመጠች። የሷ ነገር፣ እጇ ሥራ ሲፈታ ሰውነቷም አብሮ ነው የሚፈታው። እንዳላጣት ፈራሁ።

ባሕር ማዶ ያለችው ልጇ ሁለታችንን ስትጠራን፣ ብረቷን በመሐረብ ቋጥራ ይዛ ሄደች።

ልጇ የወሰደችን የአሮጌ ዕቃ ገበያ መግቢያው እንጂ መውጫው አይታወቅም። ጫማ፣ ድስት፣ የወፍ ጎጆ፣ የቆመ ሰዓት፣ ምን ያልነበረ አለ። ብረቷን ስታሳይ አንዱ ሲስቅ፣ አንዱ እጁን ሲያወናጭፍ ቀትር ሆነ።

“እማዬ፣ በቃ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አዲስ መኪና ልግዛልሽ” አለች ልጇ።

“አዲስ ባል ብትገዢልኝ ይሻላል፤ እሱንስ እለምደው ይሆናል።”

እኔ አንድ ደጃፍ ላይ ዘፍ አልኩ። እሷ ጆሮዋን አቆመች።

“የታመመ መኪና አለ” አለችኝ።

“በዚህ ሁሉ ሁካታ?”

“ያነክሳል፣ ስሚው።”

ተከተልናት። ከድንኳኖቹ ጀርባ አንድ ራሰ በራ ልብስ ሰፊ ከሱሪ ጋር ይታገላል፤ የሥሩ ክር ወደ ላይ እየወጣ ይተበተብበታል። ቋንቋ የላት፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጋ አስነሣችው። ከሱ መኪና የክር ማቀፊያዋን ብረት አውጥታ በክሩ ጫፍ አንጠለጠለቻት። ክሩን ሳትይዝ ዱብ አለች፤ ብሎኗ ላልታለች። ብሎኗን በመቀሱ ጫፍ ጠበቅ አድርጋ ደግማ አንጠለጠለቻት። አሁን እጇን ስትነቀንቅ ብቻ ብረቷ ትንሽ ዝቅ ብላ ቆመች። ሱሪውን ሰፋችለት፤ እንደ ክር የቀጠነ፣ ቀጥ ያለ ስፌት።

ሰውየው ስፌቱን ገልብጦ አየ፣ እሷን አየ። መሐረቧን ስትፈታ ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር የቆርቆሮ ሣጥን ጎትቶ አሮጌ ብረት ዘረገፈ፤ ሲፈልግ ሲፈልግ መንታዋን አገኘላት። ገንዘብ ብትሰጠው እጇን መልሶ ዘጋው።

እህቴ ያገኘላትንም ብረት በክር አንጠለጠለቻት።

“እታለም፣ ሰው በነጻ የሰጠሽን ትፈትኚያለሽ?”

“ሰውየውን አልፈተንኩም።”

ቤታችን በተመለስን በሦስተኛው ቀን የመኪናዋ ድምፅ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። ዛሬ እህቴ የለችም፤ ያ ድምፅ ግን አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። በዚያው ሰሞን ጠጋኙ የተቀደደ ሱሪ ይዞ፣ እያፈረ መጣ።

“ለብረት ሰብሳቢ ስጠው” አለችው፣ ከእጁ ተቀብላ እየሰፋችለት።