እሁድ እሁድ የምናበላው ሰላይ

ዝናብ የጠጣ የሱፍ ካፖርት የራሱ ሽታ አለው፤ የበግ ጋጣና የድሮ ሻንጣ ተጋብተው የወለዱት ዓይነት። ባለፈው ሰሞን አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ እንዲህ ያለ ካፖርት ለብሶ አጠገቤ ሲቀመጥ፣ ሽበት የጀመረኝ ሴትዮ መሆኔን ረስቼ፣ ወገቤን ቀጥ አድርጌ፣ «ስለ አጎቴ ምንም አላውቅም» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። እግዜር ነው የመለሰኝ።

ያን ሽታ ወደ ቤታችን ያመጣው አምባሳደሩ ነው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ በመጣው መጸው፣ ለንደን፣ ሆሎዌይ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአባቴ ከአቶ ታደሰ ሱቅ በላይ ባለች ቤት እንኖር ነበር፤ ከመጥበቧ የተነሳ አንዳችን ለመዛጋት ስናስብ ሌላው መስኮት መክፈት ነበረበት። በዚያ ላይ የእናቴ ታናሽ ወንድም ደረጀ ከአገር ቤት መጥቶ ሶፋው ላይ ሰፍሮ ነበር። ደረጀ የሂሳብ አስተማሪ ነው፤ በምርጫው ዕለት ለተቃዋሚዎች ታዛቢ ሆኖ ኮሮጆ ሲጠብቅ ውሎ፣ በኋላ ጓደኞቹ አንድ በአንድ ሲታፈሱ አጥር ዘሎ የወጣ ሰው። ለንደን ገብቶ ጥገኝነት ጠየቀ፣ ማመልከቻው ውድቅ ሆነበት፣ አፒል፣ ማለትም ይግባኝ፣ ብሎ ቀጠሮ ይጠብቅ ነበር። አፒሉም ከወደቀ ይመለሳል፤ ከተመለሰ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ እነማን እንደሚቀበሉት ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ስለዚህ እንጠረጥር ነበር። ያን ጊዜ የለንደን ሐበሻ ሁሉ እርስ በርሱ ይጠራጠር ነበር፣ የአባቴ ግን የተለየ ነው። ፖስተኛውን ይጠረጥራል፣ የጋዝ ቆጣሪ የሚያነበውን ይጠረጥራል፣ ኪልበርን ያለው የልብ ጓደኛው ሲደውል «ቁጥሬን ማን ሰጠህ?» ይለው ነበር፣ የሰጠው ራሱ ሆኖ ሳለ። መስኮታችን ላይ የምታርፍ አንዲት እርግብ እንኳ ነበረች፤ ሽቦ ታስሮባት እንደሆነ ብሎ እግሯን ሲያጠና ሰነበተ፤ እርግቧ አፍራ ሰፈር ቀየረች።

እንግዲህ ይህ ሰው ባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ሳለ ነው፣ አንድ ዝናባማ ከሰዓት፣ ቅንድቡ እንደ ቁጥቋጦ የተንጨፈረረ ረጅም ፈረንጅ ገብቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ «እንደምን ዋሉ ጌታዬ፤ ሚጥሚጣ ይገኝ ይሆን?» ያለው። አማርኛው የጃንሆይ ዘመን አማርኛ ነበር፤ የእኛ አማርኛ አጠገቡ ሲቆም ፒጃማ የለበሰ ይመስል ነበር። አባቴ በእጁ የያዘውን የስልክ ካርድ ሁሉ መሬት ላይ በተነው።

ሰውዬው ማንነቱን አልደበቀም፤ ይህ ደግሞ አባቴን ይበልጥ አስጠረጠረው። ጡረታ የወጣ የእንግሊዝ አምባሳደር ነኝ አለ። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲ ውስጥ ዝቅተኛ ጸሐፊ ሆኖ ተመድቦ፣ አንድ የቅኔ መምህር ቀጥሮ፣ ፊደል ሲስት በአለንጋ እየተገረፈ አማርኛ ተምሯል። ከዚያ በኋላ አሸዋ ብቻ ወዳለበት አገር ላኩት፣ ከዚያ ባሕር ብቻ ወዳለበት፣ በሁለት አገር አምባሳደር ሆኖ ሁለት መፈንቅለ መንግሥት በመስኮት አይቷል፤ ሚስቱ ሞታበት አሁን ከሆሎዌይ ሽቅብ ባለው ዳገት ላይ ከመጻሕፍቱ ጋር ይኖራል።

«አምባሳደር ሆሎዌይ ምን ይሠራል?» አለ አባቴ ሰውዬው እንደወጣ። «ደግሞ አማርኛ የሚያቀላጥፍ ፈረንጅ! የሚከፈለው ባይኖር ይሄን ሁሉ ግስ ማን ያጠናል?»

እናቴ ግን እሁድ ምሳ ጠርታው አረፈች። በአማርኛ ሰላም ያላትን ሰው በባዶ ሆዱ መሸኘት ለእሷ ከሃይማኖት መውጣት ነበር። «ሰላይም ቢሆን» አለች፣ «ሆዱ ምን አደረገ?»

እንዲህ ሆኖ ዊንተሩን ሙሉ እሁድ እሁድ ይመጣ ነበር፤ ካፖርቱ ማሞቂያው ላይ ተሰቅሎ ቤቱን ሁሉ በግ በግ እያሸተተው፣ እኛም የቤታችንን ምርጥ ምርጡን እያቀረብንለት፣ አንዲት እውነት ግን ሳናቀምሰው። አባቴ ሲጀመር ገሃነም ላይ የበቀለ የሚመስል ቃሪያ አቀረበለት፤ ሰውዬው እንባ ሳይወጣው አኝኮ ዋጠ። አባቴ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «አየሽ? ትሬኒንግ አለው» አለኝ።

አንድ ስህተት ግን ሠርተን ነበር። ሁላችንም ለመዋሸት ተስማማን እንጂ ምን ብለን እንደምንዋሽ አልተስማማንም። ሰውዬው አባቴን ስለ ደረጀ ሲጠይቀው «የመርከብ ወጥ ቤት ነው፣ መርከቡ እስኪጠገን ነው» አለው። እናቴ በሌላ እሁድ ኩላሊቱን ሊታከም መጣ አለችው። ደረጀ ራሱ ደንግጦ ዲያቆን ነኝ ቢል፣ አምባሳደሩ ደስ ብሎት ከዳዊት አንድ ምዕራፍ በቃሉ ጀመረና እንዲቀጥል ጋበዘው፤ አጎቴ «ጉሮሮዬን ይዞኛል» ብሎ እስከ ማታ አሳለ። እኔን ደረጃው ላይ ሲጠይቀኝ የእግር ኳስ ዳኛ ነው አልኩት። እሱ ሁሉንም «ደግ፣ ደግ» እያለ ተቀብሎ ወጡን ይጠራርግ ነበር።

ጸደይ ሲገባ የአፒሉ ቀን ተቆረጠ። የደረጀ ጠበቃ፣ ፈጣን ተናጋሪ ወጣት ሴት፣ አገሩንም ቤተሰቡንም የሚያውቅ እንግሊዛዊ ምስክር ቢቆምለት ትልቅ ነገር ነው አለች። እናቴ አባቴን ሳታማክር አምባሳደሩን ለመነችው፣ እሱም እሺ አለ። ጠበቃዋም የደረጀን እውነተኛ ቃል አነበበችለት። ያን ቀን ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ።

«አለቀልን» አለ አባቴ። «መሐላ ፈጽሞ፣ ምን ነገሩህ ሲሉት ምን ሊል ነው? ዲያቆን ኩላሊቱን የታመመ የመርከብ ወጥ ቤት?»

«ዳኛም ነው» አልኩ ቀስ ብዬ። እናቴ በዓይኗ ገደለችኝ።

በሚቀጥለው እሁድ አምባሳደሩ እንደ ልማዱ መጥቶ፣ በልቶ፣ ስለ አየሩ አውርቶ፣ ስለ ሰማው ነገር ቃል ሳይተነፍስ ሄደ። አባቴ ዝምታው ነው ይበልጥ ያስፈራው፤ ይህ ሰው እዚያ ሊያጋልጠን ነው፣ ምስክርነቱን እናስቀር ብሎ ተነሳ። ያኔ ደረጀ፣ ከመጣ ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው ሰው፣ ከሶፋው ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ሰው መጠርጠር ደክሞኛል» አለው። «እዚያም ስጠረጥር ኖሬ፣ እዚህም ስጠረጥር... ይምጣ። ከጣለኝም ይጣለኝ።»

የእንግሊዝ በጋ እንደገባ ፍርድ ቤት ሄድን። እኔ ከትምህርት ቤት ቀርቼ፣ ከእናቴ ጎን ተቀምጬ የሚባለውን በጆሮዋ እተረጉምላት ነበር። የመንግሥት ጠበቃው የፈራነውን ጥያቄ ለመጠየቅ ደቂቃ አልፈጀበትም፤ አመልካቹ ስለ ራሱ ምን ነግሮዎታል አለው።

አምባሳደሩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ዲያቆን ነኝ ብሎኛል አለ። እህቱ «የኩላሊት በሽተኛ ነው»፣ ባሏ ደግሞ «የመርከብ ወጥ ቤት ነው» ብለውኛል፤ ያቺ እዚያ የተቀመጠችው ልጃቸው ደግሞ የእግር ኳስ ዳኛ ነው ብላኛለች። ይህን ለእናቴ በሹክሹክታ መተርጎም ነበረብኝ። ስጨርስ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ደረጀ ዓይኑን ጨፈነ።

«እንግዲያው ውሸታሞች ናቸው» አለ ጠበቃው።

«በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ ደካማ ውሸታሞች» አለ አምባሳደሩ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ደመወዝ የተከፈለኝ ሰው ሲዋሸኝ ለማዳመጥ ነው፤ ሚኒስትሮች ዋሽተውኛል፣ ጄኔራሎች ዋሽተውኛል። ለጥቅሙ የሚዋሽ ሰው አስቀድሞ ቁጭ ብሎ ይማከራል፣ አንድ ታሪክ ይዞ ይመጣል። እነዚህ ሰዎች በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጠው እንኳ አልተማከሩም። ደግሞ የዋሹት ሊጠቅማቸው ይችል የነበረውን እውነት ለመደበቅ ነው። ታዛቢ ነበር ቢሉኝ ገና በዊንተር እረዳቸው ነበር። ቤታቸውን ከፍተው እያበሉኝ፣ አንዲት ቃል ለማመን ፈሩኝ። እንዲህ ያለ ፍርሃት በማስመሰል አይመጣም፤ ካለበት አገር ነው ይዘውት የሚመጡት።»

ተርጉሜ ስጨርስ እናቴ አልቆነጠጠችኝም። እጄን ይዛ ቀረች።

ከሳምንታት በኋላ ለደረጀ ተፈቀደለት። እናቴ እልል ስትል የታችኛው ሱቅ ደንበኞች እሳት የተነሳ መስሏቸው ወጡ። ደረጀ ሶፋው ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አባቴ ግን ቤቱን እየተንጎራደደ «አላልኳችሁም?» ይል ነበር። «ሁሉንም ውሸታችንን በቃሉ ይዞታል! ማን ምን እንዳለ ሳይቀር! ተራ ሰው እንዲህ ይይዛል?»

በቀጣዩ እሁድ አላስቻለውም፤ ገና ካፖርቱ ሳይሰቀል ፊት ለፊት ጠየቀው። «እርስዎ፣ በእግዚአብሔር ይሁንብዎና፣ ሰላይ ነበሩ?»

አምባሳደሩ ካፖርቱን ራሱ ማሞቂያው ላይ ሰቀለ። «አይደለሁም ብልዎ ያምኑኛል?»

«አላምንዎትም።»

«ነበርኩ ብልዎስ?»

«እሱንም አላምንም።»

«እንግዲያውስ እንብላ» አለው፤ አባቴም ከዚያ በፊት በዚያ ቤት ሰምቼው የማላውቀውን ሳቅ ሳቀ።

አምባሳደሩ ካረፈ ብዙ ዓመት ሆነው። አባቴ እስከ ዛሬ «የሞተ አስመስለው ሌላ አገር መድበውት ይሆናል» ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ነፍስ ይማር ይላል። እኔ አሁን እዚያው ለንደን፣ ኤድመንተን ነው የምኖረው፤ በራፌ ላይ ካሜራ አለ፣ የበሩን ደወል የሚጫነውን ሰው ስልኬ ላይ አየዋለሁ። አባቴ ዓለሙን ሁሉ እየጠረጠረ የጠረጠረውን ሰው አስቀምጦ ያበላ ነበር። እኔ ማንንም አልጠረጥርም፤ ስልኬን አይቼ፣ ሰውየው ደህና ሰው እንደሆነ ገብቶኝ፣ በሩን ሳልከፍት እስኪሄድ ድረስ እጠብቃለሁ።