መሐላ እምቢ ያለው ቀጥቃጭ

ማለዳ ከባሕር ዳር ወደ ወረታ የተሳፈርሁት በእልህ ነው። በዋዜማው ለአንድ መምህር ወዳጄ ስለ ጥንቶቹ ኩዌከሮች ሳወራለት ሳቀብኝ። ኩዌከሮች ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በፊት ሕሊናን ንጉሥም ጳጳስም አያዘውም ብለው የተነሡ እንግሊዛውያን ክርስቲያኖች ናቸው። ለዳኛ ባርኔጣ አናወልቅም፣ ፍርድ ቤትም አንምልም እያሉ እስር ቤት ሞልተዋል።

“ይኼ የጠገበ ፈረንጅ ጣጣ ነው፤ እስቲ ሄደህ ለፎገራ ገበሬ ንገረው” አለኝ። አበል እየተቀበለ ስለ መቻቻል የሚሰብክ ሰው ሲፈርድብኝ አልወድም። ሄድሁ።

ወረታ

የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ የሚገናኙበት ላይ ወረድሁ። ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራ በሽሮ በልቼ በባጃጅ ወደ ቁሐር ሚካኤል ቀጠልሁ። የክረምቱ ውሃ ሸሽቶ ሜዳው በደረሰ ሩዝ ቢጫ ሆኗል። ባጃጁን ጭቃ ሲይዘው የቀረውን በእግሬ ሄድሁ።

ቁሐር ሚካኤል

የማውቃቸው ሽማግሌ አያ ዘውዱ ሌባ ለማውጣት ዋርካ ሥር አውጫጭኝ ተቀምጠዋል። ጊደር ተሰርቆ የሰፈሩ ሰው በየተራ “አልሰረቅሁም፣ አላየሁም” እያለ በመስቀል ይምላል። የቀረው የሰፈሩ ብቸኛ ቀጥቃጭ ምትኩ ነው።

“አልሰረቅሁም። አልምልምም።”

“ቡዳ መስቀል ይፈራል!” አለ አንዱ ከኋላ። ተሳቀ።

“አምና ማልሁ፤ አመናችሁኝ? መሐላዬን ካላመናችሁ ለምን ታስምሉኛላችሁ? ካመናችሁትማ ቃሌ ምን አነሰው?”

አላስቻለኝም። “ወንጌሉም ከቶ አትማሉ ይላል” አልሁ።

“አንተ እንግዳ ነህ፤ እህልህን ቀምሰህ ሂድ” አሉኝ አያ ዘውዱ። ስለ ኩዌከሮች ያሰብሁት ንግግር እዚያው አለቀ።

ተፈረደ። ምትኩ እስኪምል እሳት እንዳይጭር፣ ውሃ እንዳይቀዳ፣ ቢሞትም ቀባሪ እንዳያገኝ። ሚስቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። እሱ ቤቱ ገብቶ የምድጃውን ፍም በአመድ ዳፈነ።

በማግስቱ

ጠዋት አያ ዘውዱ ጥርሱ ያለቀ ማጭድ ይዘው ወደ ምትኩ ሲሄዱ ተከተልኋቸው።

“እስቲ ይችን አግለህ ምታልኝ።”

“እሳት ተከልክዬ በምን ላግላት? አንቱ አይደሉም እንዴ የፈረዱት?”

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እንግዲህ ያንተ ቃል ይበቃል እንላለን።”

“የኔ ብቻ ከሆነ ይቅርብኝ። ነገ ሸክላ ሠሪዋን፣ ከነገ ወዲያ ሸማኔውን በግድ ልታስምሉ ነው።”

“ሩዙ እኮ ረገፈ፣ አንተ ሰው!”

“ይርገፍ። የኔም አብሮ ይረግፋል።”

አያ ዘውዱ እየተራገሙ ወጡ። እኩለ ቀን ላይ የቀሩትን ሽማግሌዎች አስከትለው ተመለሱ፤ ሁሉም ማጭድ ይዘዋል። የሚፈልግ ይማል፣ የማይፈልግ ማንም ይሁን ማን ቃሉ ይበቃዋል አሉ። ምትኩ አመዱን ገለጠና ወናፉን ያዘ።

ባሕር ዳር

ማታ ቤቴ ገብቼ ለወዳጄ ስደውል፣ “ታዲያ ሩዙ እንጂ ሕሊናቸው መቼ አሸነፋቸው?” አለኝ። ልክ ነው። ገዥ ከጥቅሙ በፊት በሕሊናው የተሸነፈበትን አገር እኔም አላነበብሁም። ሽማግሌዎቹ ለሩዛቸው ፈሩ፤ እሱም የሚረግፍ ሩዝ የነበረው ምትኩ ግን አልፈራም። ለእሱ ብቻ በተከፈተለት በር መግባት ሲችል፣ ለሁሉም እስኪከፈት ውጭ ቆመ። ከዚያ በኋላ መብት ለምኜ አገኘሁ የሚለኝን ሰው፣ ከራሱ ሌላ ለማን እንደለመነ እጠይቀዋለሁ።