በባዶ ሰፈር የተነፋ ጡሩንባ

አቶ ጉተማ ጎህ ሲቀድ ጡሩንባ ይሰማሉ። ነፊው ራሳቸው ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የካዛንቺስ እድርተኛ የጎረቤቱን ሞት የሰማው በእሳቸው ትንፋሽ ነው። አሁን ጡሩንባው በጨርቅ ተጠቅልሎ አልጋቸው ሥር ተቀምጧል፤ ድምፁ ግን ይመጣል። ልጃቸው “ጆሮዎን ይታዩ እንጂ አባዬ” ትላቸዋለች። ጆሯቸውስ ደህና ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ኦሎምፒያ፣ ከአንድ ካፌ ፎቅ ላይ ባለች ክፍል፣ ለትልልቅ ሰዎች የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ትምህርት ይሰጣል። አቶ ጉተማ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጻፉት የእድርተኛ ስምና ስልክ ብቻ ነበር። በሰባ ዓመታቸው ደብተር ይዘው ሲመዘገቡ ሰው ሳቀ። ይሳቅ። እውነቱን ለመናገር የሄዱት ከውሰር እዚያ እንደምትማር ሰምተው ነው።

ከውሰር የድሮ ጎረቤታቸው ናት፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ወሎ ሰፈር ገባች። እሷና ዘሪቱ የምትባል ጎረቤቷ አርባ ዓመት አንድ ግድግዳ ተጋርተው ኖረዋል፤ ልጆቻቸው የትኛው ቤት እንደሚያድሩ አይታወቅም ነበር። ዘሪቱ ከከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም በገባች በአራተኛ ወሯ ሞተች። ከውሰር የሰማችው ከተቀበረች ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። “ልጇ ቢሊሴ ደበቀችኝ” ብላ ተቀየመች፤ ይኸው ዓመት ሙሉ አይነጋገሩም።

ቢሊሴ አልደበቀችም። ያን ዕለት ገና ሳይነጋ ለአቶ ጉተማ ደውላ “ጋሼ፣ የሁሉም ስልክ እርስዎ ጋ ነው፤ ይንገሩልኝ” ብላ አልቅሳለች። እሳቸውም “እሺ ልጄ” አሉ። ከዚያስ? መደወል ሲገባቸው ጡሩንባቸውን አንስተው ወጡ! ሞት በስልክ አይነገርም አሉ። ልማድ መርቷቸው ካዛንቺስ ደርሰው በየበሩ እየቆሙ፣ ስሟን እየጠሩ ነፉ። በር ግን አልነበረም፤ የቆርቆሮ አጥር፣ የተቆለለ አፈርና ግራ የገባው አንድ ዘበኛ ብቻ። ቤት ሳይዘሉ ዞረው ጨረሱና ሥራቸውን የሠሩ መስሏቸው ቀብር ሄዱ። የመጣው ሰው ስድስት ነበር። ያኔ ነው የነቁት።

ቢሊሴ “ተነግሯቸው ቀሩብኝ” ብላ አኩርፋለች። ሁለቱን የሚያስታርቀውን ቃል አቶ ጉተማ ሳይናገሩት ቀሩ። አፍረው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

መምህርቷ አርያም “መጽሐፍ ውስጥ የሌለ አንድ የሰፈራችሁን ቀን ጽፋችሁ አንብቡ” አለች። አቶ ጉተማ ሦስት ቅዳሜ “አላለቀም” አሉ። በአራተኛው ወረቀታቸውን ይዘው ተነሡ። ያን ጠዋት አንድም ሳይቀንሱ አነበቡት። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ “የስልኩ ደብተር ኪሴ ነበር። የከውሰር ቁጥር ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። አልደወልኩም።”

ከውሰር ዓይኗን ከጠረጴዛው ሳትነቅል ጠየቀች።

“ጋሽ ጉተማ፣ የእኔስ በር ላይ ቆመው ነበር?”

“ቆሜያለሁ። ማለቴ… በርሽ የነበረበት ላይ።”

“እስኪ ይጥሩ።”

“ምን?”

“ያን ዕለት የጠሩትን። አሁን ይጥሩት፣ በቃ።”

አቶ ጉተማ ወረቀቱን አስቀመጡ። እጃቸው ባዶ ነበር፤ ድምፃቸው ግን ያው የድሮው ወጣ። “የሰፈር ሰው! እድርተኛ! ወይዘሮ ዘሪቱ አርፈዋል! ቀብር ስድስት ሰዓት ነው!” ታች መንገድ ላይ ተሳፋሪ የሚጠራው የታክሲ ረዳት ቀና ብሎ ወደ መስኮቱ አየ።

ከውሰር ሻሿን ፊቷ ላይ አድርጋ፣ ገና ዛሬ እንደተረዳ ሰው ጮኻ አለቀሰች። አርያም ውሃ ብታቀርብላት አልነካችውም። እንባዋን ሳትጠርግ ስልኳን አወጣችና ዓመት ያልነካችውን ቁጥር ደወለች።

“ቢሊሴ፣ እኔ ነኝ፣ ከውሰር። አትዝጊብኝ ልጄ። አሁን ነው የተጠራሁት። መጣሁ።”